የማይጠፋው የኋላ ካሜራ

ሚኒባሱ ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን ሲንቀሳቀስ ጋቢና ከጎኔ የተቀመጠችው ወጣት ሾፌሩን ተማጸነችው።

"ወንድሜ፣ ይህን ስክሪን አጥፋልኝ።"

"አይጠፋም። የኋላውን ሁልጊዜ እንዲያሳየኝ ብዬ ነው ያስገጠምኩት።"

"ወደ ኋላ ስትነዳ ብቻ ቢበራ አይበቃህም?"

"አይበቃኝም። አንድ ቀን በሽተኛ አዝሎ የሚሮጥ ሰው ሳላይ ጥዬ ሄጃለሁ። ሁለተኛ አይደረግም።"

"እኔ እኮ ጋቢና የገባሁት እናቴን ላለማየት ነው።"

"እኚህ የሚሮጡት እናትሽ ናቸው?"

"ልታስቀረኝ ነው! ኮሌጅ እገባለሁ ብዬ ወጥቻለሁ፤ አልመለስም። ንዳው!"

"ወረቀት እያውለበለቡ ነው።"

ቦርሳዋን በረበረች።

"ውይ፣ ሰርተፍኬቴ! ቁምልኝ!"

"ቆሜያለሁ እኮ።"

እኔም የሚከተለኝ ሰው ይኖር ይሆን እያልኩ ደብረ ብርሃን እስክንደርስ ዓይኔን ከዚያች ስክሪን አልነቀልኩም።