የግንበኛው ብርድ

ካዛንቺስ ታክሲ መያዣው ዘንድ የአቶ ወልደአረጋይ መዶሻ ከእጃቸው አመለጠች። ጎንበስ ብለው አላነሷትም፤ ድሮ ራሳቸው የገነቡትን የድንጋይ አጥር የሚያደንቁ መስለው ቀጥ ብለው ቆሙ። በፊዚዮቴራፒ፣ በጡንቻና በመገጣጠሚያ ሕክምና፣ ተመርቃ ሥራ የያዘችው የጎረቤታቸው ልጅ ፈትያ በዚያ ስታልፍ አይታ መዶሻዋን አቀበለቻቸው።

«ወገብዎን ነው፣ ጋሼ?»

«ብርድ ነው» አሉ፤ በዚያ ፀሐይ ወገባቸውን በፎጣ ጠፍረዋል።

«ይሄ ብርድ እሑድ እሑድ ለምን አይመታዎትም?»

ሳይወዱ ሳቁ። አብረው ቁልቁል ሲሄዱ እሷ ስለ ሥራቸው ጠየቀች፤ እሳቸውም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ድንጋዩንም ሲሚንቶውንም ከመሬት እያነሱ መገንባታቸውን በኩራት አወሩላት። ፈትያ፣ በርሜል ላይ ሳንቃ ተጋድሞ ድንጋዩ በወገብ ልክ ቢቀመጥስ አለች።

«ድንጋይ በማዕድ ይቅረብልኝ? ሠርግ ነው እንዴ? አረጀ ይሉኛል፣ ልጄ።»

ይህችን ቃል ነበር የሚፈሯት። የአዲሱን ሆቴል ግንባር በጥርብ ድንጋይ የማልበሱ ሥራ የተሰጠው ለእሳቸው ነው፤ ታመሙ ከተባለ ለሌላ ይሰጣል። ሕመሙን ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ለተገብርኤል እንኳ ደብቀዋል።

«ድንጋዩ ግማሹ ነው፣ ጋሼ» አለች ፈትያ። «ግማሹ መደበቁ ነው። ዛሬ ይተኩኝ ይሆን እያለ የሚሠራ ሰው ጅማቱ እንደተኮማተረ ይውላል፤ ሳይናገርና ሳያርፍ ጉዳቱን ያባብሰዋል። እርስዎ ዝም ሲሉ ደግሞ ግንባታ ያስተማሯቸው ልጆችም ዝም ይላሉ።»

አቶ ወልደአረጋይ ስለራሳቸው የተባለውን ይችሉት ነበር፤ ያስተማሯቸው የሚለው ግን ወጋቸው።

በማግሥቱ በሆቴሉ ግንባታ ቦታ ሠራተኛው ሁሉ ባለበት ተናገሩ፤ «ብርድ አይደለም። ወገቤን ነው፤ ጎንበስ ቀናው ነው የጎዳኝ።»

ድንጋይ በባሬላ በመሸከም አቻ ያልነበረው ኃይለገብርኤል፣ «እኔም ትከሻዬን» አለ። ሌላውም ጉልበቱን፣ ሌላውም የእጁን አንጓ። ፎርማኑ፣ የበሽተኞች ማኅበር አቋቋማችሁ ብሎ አፌዘ። ይሁን እንጂ በርሜሎቹ ቆሙ፣ ባሬላው በግማሽ ይጫን ጀመር፣ ተሸካሚዎቹም እየተፈራረቁ አረፉ። በሳምንቱ ከቀድሞው የበለጠ ተገንብቶ ሲያይ፣ ተጨማሪ በርሜልና ሳንቃ ያስመጣው ራሱ ፎርማኑ ነው። ሰው ወገቡን ሲያድን ሥራውንም ያድናል፤ ሕመሙን የሚናገርበት ቦታ ሲያገኝ ጥበቡም ዕድሜ ያገኛል።

የሆቴሉ ግንባር ባለቀ ዕለት አንድ ለሳኝ ወገቡን ይዞ፣ ብርድ መታኝ አለ።

«ማዕዱን አቅርቡለት» አሉ አቶ ወልደአረጋይ።

ከዚያ በጉልበታቸው በርከክ ብለው መዶሻቸውን ከመሬት አነሱና ቀና አሉ። የሆቴሉን ግንባር ከታች እስከ ላይ ተመለከቱት፤ አሁን የሚያደንቁት የእውነት ነበር።