የጋሽ ደቂቃ ድረ ገጽ እንዴት እንደ ተሸጠ

ሰዓት ሠሪውን ሰፈሩ "ጋሽ ደቂቃ" ይላቸዋል። ስሙ የወጣላቸው ቀጠሮ አርፍደው ስለማያውቁ ነው፤ በቁመታቸው ማነስ የወጣላቸው የሚመስለው ሰው ቢኖርም እሳቸው አይቀየሙም። አንድ ሐሙስ ጠዋት እኚሁ ሰው ሱቃቸውን በጊዜ ከፍተው፣ ወዲያው መልሰው ዘግተው፣ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሄዱ።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጠባብ ነው። ማሽኑ ሳይሞቅ ያጉረመርማል፣ ጸሐፊዋ እርሳሷን ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ ትጽፋለች፣ ወረፋ ጠባቂ የሚያርፍበት በርጩማ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። በርጩማው ላይ የመነጽር ነጋዴው ተቀምጦ ነበር። ጋሽ ደቂቃን ሲያይ ብድግ ብሎ ቦታውን ለቀቀላቸው።

"ተጽፎ አልቋል ጋሼ። ፊርማ ብቻ ነው የቀረን" አለ።

የሚፈርሙት የድረ ገጻቸውን ሽያጭ ውል ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ደንበኞች በየቀኑ አንድ ዓይነት ጥያቄ ሲጠይቋቸው ቢሰለቹ፣ መልሱን ጽፈው ኢንተርኔት ላይ አስቀመጡት። አንዱ ጽሑፍ ሌላውን እየወለደ አራት መቶ ደረሰ። የቆመ የግድግዳ ሰዓት እንዴት እንደሚከፈት፣ የላላ ሞላ በምን እንደሚታወቅ፣ አቧራ የት እንደሚደበቅ፣ ሁሉንም በሥራ ጠረጴዛቸው መብራት ሥር ፎቶ እያነሡ ጻፉ። አንባቢው በዛ፤ ማስታወቂያም ገባ፤ በየወሩ የሱቁን ኪራይ የሚሸፍን ገንዘብ ያመጣ ጀመር። ዘንድሮ ግን የዓይን ሐኪሙ የኮምፒውተር ብርሃን ይቅርብዎ አላቸው። የአንባቢዎች ደብዳቤ ሳይመለስ መከማቸት ጀመረ። ያን ጊዜ፣ ሥራው ዓይናቸው ፊት ከሚሞት ለሌላ ሰው ለመስጠት ቆረጡ። ቀድሞ የጠየቃቸው የመነጽር ነጋዴው ነው፤ ቀድሞ ለጠየቀ ደግሞ እሺ ማለት ልማዳቸው ነበር።

እስክሪብቶ አንሥተው ሊፈርሙ ሲሉ የእህታቸው ልጅ ሪፖርት ልታስጠርዝ ገባች። በአንድ ማተሚያ ቤት የኢንተርኔት ክፍል ውስጥ የምትሠራ፣ ተምራ የመጣች፣ ነገር ሳታጣራ የማታልፍ ልጅ ናት። ሰላምታው እንዳለቀ ወረቀቱን አየችው።

"ጋሼ፣ ይቺን አምስተኛዋን አንቀጽ አንብበዋታል?"

"የሚያነብ ዓይን ቢኖረኝ መች እሸጥ ነበር?"

"ልንገርዎ? ገዢው በገጹ ላይ ያለውን ጽሑፍ በሙሉ አንሥቶ የማጥፋት መብት አለው ትላለች።"

ጋሽ ደቂቃ ቀና ብለው ነጋዴውን አዩት። ነጋዴው አልደነገጠም፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚደብቀውም ነገር አልነበረውም።

"እውነቷን ነው። ጽሑፉን እኔ ምን አደርገዋለሁ ጋሼ? ሰው ኢንተርኔት ላይ ስለ ሰዓት ሲፈልግ መጀመሪያ የሚመጣለት የእርስዎ ገጽ ነው። እዚያ ሲገባ መነጽሬንና የእጅ ሰዓቶቼን እንዲያገኝ ነው የምፈልገው። ቢጠይቁኝ ያኔውኑ እነግርዎ ነበር።"

"አልጠየቅኩህም" አሉ ጋሽ ደቂቃ ቀስ ብለው። ጥፋቱ የራሳቸው መሆኑ ገባቸው። አሥራ አንድ ዓመት የደከሙበትን ነገር ለመሸጥ ሲነሡ፣ ገዢው ምን ሊሠራበት እንደሆነ አልጠየቁም። "እስከ ሰኞ ታገሠኝ።"

"ከሰኞም በኋላ አለሁ ጋሼ።"

አጎትና የእህት ልጅ አብረው ወደ ሱቁ ተመለሱ። ሱቁ ሁለት ሰው ሲገባበት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምበት ነው። ጠረጴዛው ዙሪያውን ጠርዝ አለው፤ ብሎን ተንከባልሎ እንዳይወድቅ ነው። ወረንጦዎቹ በቁመታቸው ተደርድረዋል። ጋሽ ደቂቃ ለእንግዳዋ ወንበሩን ሰጥተው እሳቸው ሣጥን ላይ ተቀመጡ።

"እሺ፣ አፍርሰሽዋል፤ አሁን ሥሪው" አሉ። "ማን ይግዛው?"

"የኢንተርኔት ጨረታ ላይ እናውጣው። ድረ ገጽ የሚሸጥበትና የሚገዛበት ገበያ አለ። የሚፈልግ ሰው ከያለበት ገብቶ ያያል፣ ይጠይቃል፣ ዋጋ ይሰጣል።"

"ጨረታ?" ጋሽ ደቂቃ ፊታቸው ተለወጠ። "ሐራጅ ነው የምትዪኝ? ሐራጅ የሚወጣው የከሰረ ሰው ንብረት ነው። በር ላይ ወረቀት የሚለጠፍበት። ነገ ሰፈሩ 'ጋሽ ደቂቃ ከሰሩ' ይበል?"

"ሰፈሩ እዚያ ምን ሊያደርግ ይገባል? እዚያ የሚገባው ገዢ ነው። የሚሸጠውም ሰው የደከመው፣ ሌላ ሥራ ያማረው፣ ወይም እንደ እርስዎ ሐኪም የከለከለው ነው። ማንም አስገድዶ አያሸጥም።"

"ይሁን። ስንት ያስከፍላሉ?"

"ለመመዝገብ አንድ የግድግዳ ሰዓት ሲጠግኑ የሚያስከፍሉትን ያህል። ከተሸጠ ደግሞ ከመቶው አሥሩን ይወስዳሉ።"

"ከመቶ አሥር? የእኔን ላብ ለሰው ለማሳየት? እዚህ ደላላ ስሸሽ ኖሬ፣ በስተርጅና በኮምፒውተር ውስጥ ደላላ ልፈልግ?"

ልጅቱ ፊቷን ወደ ደጅ መለሰች። በመስኮቱ የሚያልፈውን ሰው ታይ ጀመር።

"ጋሼ፣ የዚህ ሱቅ ኪራይ ውድ ነው አይደል?"

"በጣም እንጂ።"

"ቤትዎ ውስጥ ሆነው መጠገን አይችሉም ነበር? ጠረጴዛውን ሳሎን ማስገባት ነው።"

"ሳሎን ማን ያገኘኛል? እዚህ እኮ መንገድ ላይ ነኝ፤ ሰው ሲያልፍ ያየኛል" አሉና ወዲያው ቆም አሉ። "የት እንደምትሄጂ ገብቶኛል።"

"እንግዲህ ኪራዩ ለግድግዳው አይደለም፤ ለአላፊው ነው። አሥር እጁም እንደዚያው ነው። እስካሁን የጠየቀዎት አንድ ሰው ነው። አንድ ሰው ብቻ ዋጋ ከሰጠ፣ ዋጋው ልክ ይሁን አይሁን በምን ይታወቃል?"

ጋሽ ደቂቃ ወረንጦ አንሥተው ያለ ምክንያት መወልወል ጀመሩ። ክርክር ሲሸነፉ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

"እውነቱን ለመናገር ደግሞ" ብላ ቀጠለች፣ "ለሁሉም ሰው አያዋጣም። አንዲት ባልደረባዬ ገቢ የሌለው፣ አንባቢው በጣት የሚቆጠር ገጽ ነበራት። አይሆንሽም ብያት ነበር። አወጣችው፤ አንድም ሰው አልጠየቀም፤ የመመዝገቢያ ክፍያዋ ባከነ። የእርስዎ ግን ገቢው በየወሩ በሰነድ የሚታይ ነው፤ አንባቢው ሊቆጠር የሚችል ነው። ቢያንስ ስንት እንደሚፈልጉም አስቀድመው ይወስናሉ፤ ከዚያ በታች ከሆነ አይሸጥም።"

የዚች ልጅ ደግ ጠባይ ይህ ነው። የራሷን ክርክር ደካማ ጎን ራሷ አውጥታ ታሳያለች። ብዙ ወጣት አዲስ ነገር ሲያስተምር ጉድለቱን ይደብቃል፤ ሽማግሌው ጉድለቱን በኋላ ሲያገኘው ጥቅሙንም አብሮ ይጥለዋል። ጋሽ ደቂቃ ልባቸው መለስ ያለው እዚህ ላይ ነበር፤ ግን አንድ ነገር ቀርቷቸዋል።

"ሰውየውን አላውቀው። በየት አገር እንዳለም አላውቅ። ቁልፉን፣ ያንን የይለፍ ቃል ምንትስ የምትሉትን፣ ሰጥቼው ገንዘቡን ባይልክስ? እሱስ ገንዘቡን ልኮ እኔ ባልሰጠው?"

"እስቲ ልጠይቅዎ። አንድ ሰው የተጠገነ ሰዓቱን ሲወስድ ገንዘቡን የት ያስቀምጣል?"

"ጎን ያለችው መድኃኒት ቤት፣ ለሴትዮዋ።" ይህ በሰፈሩ ሁሉ የታወቀ የእሳቸው አሠራር ነው። ደንበኛው ገንዘቡን ለመድኃኒት ሻጯ ሰጥቶ ሰዓቱን ይወስዳል። ሰዓቱ ሦስት ቀን ልክ ከሄደ ገንዘቡ ወደ ጋሽ ደቂቃ ይመጣል፤ ከቆመ ለባለቤቱ ይመለሳል።

"ለምን እርስዎ ራስዎ አይቀበሉም?"

"ገንዘብ ኪሴ ከገባ በኋላ 'ቆመ' ቢለኝ ላላምነው ነው። ገንዘቡ እሱ ኪስ ሳለ ደግሞ ሰዓቱ እየሄደ 'ቆመ' ይለኛል። ሁለታችንም ሰው ነን።" አንገታቸውን ወዘወዙ። "ገበያው መድኃኒት ቤቷ ነው በይኛ።"

"ገበያው መድኃኒት ቤቷ ነው። ገዢው ገንዘቡን ለገበያው ያስይዛል። እርስዎ ገጹን ያስረክባሉ። ገዢው የተባለውን ማግኘቱን መርምሮ እሺ ሲል ገንዘቡ ይለቀቃል። ከአሥሩ እጅ ከፊሉ ለዚህ ነው።"

"የኔዋ ሴትዮ ግን በነፃ ነው የምትሠራው።"

"የሷን ሰዓት በነፃ አይደል እንዴ የሚጠግኑት?"

"አንቺ ልጅ ከማን ነው የወጣሽው?" አሉና ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን ወረንጦውን አስቀምጠው፣ ከጠዋት ጀምሮ የሚያንገበግባቸውን አወጡ። "ብዙ የሚከፍለውም እንደ መነጽር ነጋዴው ጽሑፉን ቢያጠፋውስ? ያኔ ምን አተረፍኩ? ገንዘቡ አይደለም ልጄ። አራት መቶ ጽሑፍ ነው።"

"ትልቁ ጥያቄ እሱ ነው። ገበያው ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ላይ ከፍ ያለ ዋጋ ለሰጠው መስጠት ግዴታ ነው። ሌላው ላይ ሻጩ ከተጫራቾቹ መሐል ይመርጣል፤ ጽሑፉ እንዲቆይ የሚል ሁኔታም ውሉ ውስጥ ያስገባል። የምነግርዎ ሁለተኛውን ነው። አሥር እጁ የእሱ ነው፤ የመጀመሪያው ይረክሳል።"

"ስለዚህ ተጨማሪውን የምከፍለው ለመምረጥ ነው።"

"ለመምረጥ ነው።"

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ደቂቃ ለነጋዴው ነገሩት። ነጋዴው ቅር አልተሰኘም፤ "እኔም ልጫረታ እንግዲህ" ብሎ ተመዘገበ።

ማስታወቂያውን ልጅቱ ስታዘጋጅ አጎቷ ከጎኗ ተቀምጠው አስጻፏት። "ባለፈው ዓመት አንባቢው ቀንሷል፤ ጸሐፊው ዓይኑ ስለደከመ አዲስ ነገር አልጻፈም፤ የአንባቢ ደብዳቤም ሳይመልስ አከማችቷል በይ። ሃያ ሁለት ጽሑፎች ላይ ፎቶው ደብዝዟል በይ።"

"ጋሼ፣ ዋጋ ያስቀንስብናል።"

"ያገለገለ ሰዓት ስሸጥ ጭረቱን በጣቴ አሳያለሁ። በኢንተርኔት ስሸጥ ሌላ ሰው አልሆንም።"

ጨረታው አሥር ቀን ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ማንም አልመጣም። ጋሽ ደቂቃ በቀን ሦስቴ ወደ ልጅቱ እየደወሉ "መመዝገቢያው በላን አይደል?" ይሏት ነበር። በአራተኛው ቀን አንድ ጥያቄ መጣ፤ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ ዋጋ። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ያ የጭረቱ ነገር እንዳሳመናቸው ጽፈዋል። ጉድለቱን ራሱ የሚናገር ሻጭ ገቢውንም አልዋሸም ብለው ነው።

በአሥረኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ጨረታው ሲዘጋ ሁለት ዋጋ ከላይ ቀረ። ከፍተኛው ስሙን ብቻ የሚፈልግ ድርጅት ነው። ሁለተኛው ጥቂት ዝቅ ይላል፤ የሰጠችው በአንድ የሙያ ትምህርት ቤት የሰዓት ጥገና የምታስተምር ሴት ናት። እሷ ከዋጋዋ ሥር አንድ ጥያቄ ብቻ ጽፋለች፦ "መልስ ያላገኙት ደብዳቤዎች ስንት ናቸው? አብረው ይሰጡኛል?"

ልጅቱ አነበበችላቸው። ሁለተኛ አላስነበቡም።

"ለእሷ" አሉ።

ኮሚሽኑ ተቀንሶ እጃቸው የገባው፣ ነጋዴው መጀመሪያ ካቀረበው አንድ ተኩል እጥፍ ነበር። ነጋዴው ሲሰማ አጨበጨበላቸው። "እኔ ያን ያህል ልሰጥ አልችልም ነበር ጋሼ" አለ፤ ሳምንት ሳይሞላም ከአዲሷ ባለቤት ጋር ተስማምቶ ገጹ ላይ የመነጽሩን ማስታወቂያ አስገባ። ሲያስበው የሚፈልገው ያንኑ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ጋሽ ደቂቃ ከዚህ ምን አገኙ ብትል፣ ገንዘቡ ትንሹ ነው። ዋጋቸውን በአንድ ሰው ግምት ሳይሆን በብዙ ሰው ፍላጎት አወቁት። የማያውቁት ሰው እንዳያታልላቸው፣ እሳቸውም እንዳይጠረጠሩ፣ በመሐል የሚቆም ሦስተኛ ወገን አገኙ። ከሁሉም በላይ፣ ሥራቸው ወደ ማን እጅ እንደሚሄድ መረጡ። ለዚህ የሚከፈለው ከመቶ አሥር ብዙ ነው ወይስ ጥቂት የሚለው የሚወሰነው በሚሸጠው ነገር ነው። ገቢና አንባቢ ለሌለው ገጽ ብዙ ነው፤ አይከፈልም። ዓመታት ለፈሰሱበት ሥራ ግን፣ አስቀድሞ ሂሳቡን ለሠራና ገበያውን ለመረጠ ሰው፣ ያዋጣል።

ከሁለት ወር በኋላ ልጅቱ ወደ ሱቁ ብቅ ስትል ስልኳን እንደያዘች ነበር።

"ጋሼ፣ እርስዎ ስለ ግድግዳ ሰዓት ሞላ የጻፉት ጽሑፍ ሥር መምህርቷ ማረሚያ ጨምራለች። እርስዎ ስስ ዘይት ይቀባ ብለዋል። እሷ ደግሞ 'ስስ ዘይት በሁለት ዓመት ይደርቃል፤ ሞላው ላይ ወፍራም ቅባት ይሻላል' ትላለች። ላስነሣው?"

ጋሽ ደቂቃ ተነሥተው ከግድግዳው ላይ አንድ ሰዓት አወረዱ። ጀርባውን ፈትተው፣ ሞላውን በአውራ ጣታቸው ነክተው፣ ጣታቸውን ከሌላው ጣት ጋር አሹት። ደረቅ ነበር።

"ልክ ናት" አሉ። "ይህን ከጻፍኩት ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፤ ሰው ሁሉ አነበበው፤ አንድም ሰው አላረመኝም።"

"ቅር አለዎት?"

"ምን ቅር ይለኛል?" ጣታቸውን በጨርቅ ጠረጉ። "እስቲ ወፍራሙ ቅባት የትኛው እንደሆነ ጠይቂልኝ። የሌሎቹንም ሰዓቶች ከነገ ጀምሬ እከፍታለሁ።"