አህያ የተሳለባት ወይን

(ቅዳሜ ጠዋት፣ ቀበና፣ የእድሩ ዕቃ ቤት በር ላይ፤ የእድሩ ዳኛ አቶ ጥላዬ ቁልፉን ይዞ ቆሟል፣ ጡረታ የወጡት መካኒክ ጋሽ ዘውገ ጠርሙስ የሞላ ዘንቢል አንጠልጥለው መንገዱን ዘግተውበታል።)

ጥላዬ፦ አይሆንም አልኩ፣ ጋሽ ዘውገ! እድሩ ድንኳን የሚተክለው ሰው ሲሞት ነው።

ዘውገ፦ ታዲያ ሞቼ ስመጣ ልለምንህ?

ጥላዬ፦ ያኔማ ልመናም አያስፈልግም፤ እኛው እንመጣለን።

ዘውገ፦ እሱን አውቃለሁ። እኔ ግን የለሁም። ወይኔን ጠጥታችሁ፣ ስለኔ አውርታችሁ፣ እኔ አልሰማ! የሞተ ተጎዳ ማለት ይሄ ነው።

ጥላዬ፦ የምን ወይን?

ዘውገ፦ የጣልያን ቀይ ወይን ነዋ። ለቅሶዬ ላይ ሻይ እንዳታዞሩ ብዬ ወይኑን መርጬ ጨርሻለሁ። አራት ወር ፈጀብኝ። አሁን የቀረኝ ድንኳን ተክለን መሞከር ብቻ ነው።

ጥላዬ፦ ምኑን ነው የምንሞክረው?

ዘውገ፦ ለቅሶውን።

ጥላዬ፦ በስመ አብ! ይኸው መተዳደሪያ ደንቡ፣ አንቀጽ አሥራ አራት። ድንኳን ለአባል፣ ለሚስት፣ ለልጅ፣ ለእናት ለአባት፣ ለአማት፣ ለጭነት ከብት። ለሙከራ የሚል ካገኙ ያሳዩኝ።

ዘውገ፦ ለጭነት ከብት?

ጥላዬ፦ የድሮ ነው። ያኔ የሰፈሩ ሰው የሚያድረው እንጨት በሚጭን አህያ ነበር። አህያዋ ስትሞት ቤቱ ስለሚራብ አንድ ቀን ድንኳን ተተክሎ ጎረቤት ያጽናናዋል። አባቶቻችን የጻፉትን አንዲት ፊደል አላስነካም።

ዘውገ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ጥላዬ፦ ይስደቡኝ፤ ቁልፉ ግን እኔ እጅ ነው።

ዘውገ፦ እሺ፣ መጀመሪያ ስማኝና ከዚያ ከልክለኝ። ይቺ የሲሲሊ ናት፣ ለመጀመሪያው ቀን። ጠቆር ትላለች፣ ጉሮሮ ትይዛለች፤ አልቃሽ ባይኖር እንኳ ታስለቅሳለች። ይቺ ደግሞ ከዚያው ከጣልያን፣ የፑልያ። ጣፈጥ ስለምትል ለሠልስት ነው ያሰብኳት፣ ሰው እንባውን ጠርጎ መሳቅ ሲጀምር።

ጥላዬ፦ ለቅሶ በጣዕም ይከፋፈላል እንዴ?

ዘውገ፦ ንፍሮውም ይለያል እንጂ! ባቄላ የበዛበት ከሲሲሊዋ ጋር ይጣላል። ስንዴ ሲበዛበት ግን ይስማማሉ። ቀቅዬ ሞክሬዋለሁ።

ጥላዬ፦ ማን ሞቶ ነው ንፍሮ የቀቀሉት?

ዘውገ፦ ማንም። ለዚህ ነው ብቻዬን የበላሁት።

ጥላዬ፦ ኧረ ሰው አበዱ ይላል! ደግሞስ በጡረታ ደሞዝ የጣልያን ወይን ይሞከራል?

ዘውገ፦ እውቀቱ እዚህ ላይ ነው። ግሮሰሪ ስትገባ ቀና ብለህ አትይ። ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለው ሁሉ ግንብ የተሳለበት ነው፤ የምትከፍለው ለግንቡ ነው። እኔ ባርኔጣዬ ወድቆ ላነሳ ጎንበስ ስል ነው ይቺን ሦስተኛዋን ያገኘኋት፣ ከታች፣ አቧራ ለብሳ። ከአንድ ኪሎ ሥጋ ትረክሳለች።

ጥላዬ፦ እስቲ... ይሄ አህያ ነው የተሳለባት?

ዘውገ፦ ከነጆሮው።

ጥላዬ፦ አህያም የለኝ፣ ከጅብም አልጣላ። ያርቁልኝ!

ዘውገ፦ አየህ? ለዚህ ነው የረከሰችው! ጣልያኑ አህያውን ወዶ ሳለው። እኛ አገር ግን አህያ የተለጠፈበት ጠርሙስ ይዞ ሰርግ የሚሄድ ማን አለ? አማትህ ቤት ይዘህ ብትገባ ሰደበኝ ይሉሃል። ባለ ግሮሰሪው ቢቸግረው ሦስት ጊዜ ዋጋ ቀነሰላት። አሥራ አንድ ቀርተዋል፤ ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም።

ጥላዬ፦ እርስዎስ እንዴት ደፈሩ?

ዘውገ፦ አውቃታለኋ! ጋራዥ ስሠራ አለቃዬ ሲኞር ጋስፓሮ በዓመት አንዴ፣ ለገና፣ በቡና ሲኒ እየለካ ይሰጠኝ ነበር። "ዘውገ፣ ይሄ የመሳፍንት መጠጥ ነው፣ እንዳትለምደው" ይለኛል። ጠርሙሱን በጨርቅ ይሸፍነዋል። አንድ ገና ላይ ጨርቁ ሸርተት ሲል ጆሮ አየሁ። ያን ጊዜ ምን እንደሆነ አልገባኝም። ለካ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የኮራብኝ በዚችው አህያ ነው!

ጥላዬ፦ ሃያ ሁለት ዓመት! እስቲ ይክፈቷት። ለምርመራ ያህል ነው። እዚች ጣሳ ላይ።

ዘውገ፦ በጣሳ?

ጥላዬ፦ ጠጅ በብርሌ ነው የተባለው። ስለ ወይን ያዘዘ የለም።

ዘውገ፦ ቆይ፣ አትጠጣ። ሲከፈት ትንሽ ይተንፍስ ይል ነበር ሲኞር ጋስፓሮ።

ጥላዬ፦ ይሄ እድር የሚያስተናግደው የማይተነፍሰውን ነው፤ ይስጡኝ። እምም... ጎመዘዘኝ። ቆይ፣ ቆይ። ጎመዘዘኝ ያልኩት ወዴት ሄደ? ይድገሙኝ።

ዘውገ፦ ምርመራው ገፋ። እንካ፣ ጠርሙሱን ራስህ ያዘው።

ጥላዬ፦ ግን ጋሽ ዘውገ፣ ይሄን የመሰለ ነገር ይዘው ድንኳን ምን ያደርግልዎታል? ሰው ቤትዎ ጠርተው አያጠጡም?

ዘውገ፦ ጠራሁ እኮ። ለፋሲካ ዘጠኝ ሰው ጠራሁ። ሁሉም እንመጣለን አሉ። ዘጠኝ ብርጭቆ አጥቤ ቁጭ አልኩ፤ ሲመሽ ዘጠኙንም ወደ ቁም ሣጥኑ መለስኩ። ሰው የሚመጣው ለድንኳን ነው፣ ጥላዬ። ባለቤቴ አየለች የሞተች ጊዜ ግቢዬ መቆሚያ አልነበረውም። እኔ አንገቴን ደፍቼ ማን እንደመጣ እንኳ አላየሁም። በአራተኛው ቀን ድንኳኑ ሲጠቀለል ሰዉም አብሮ ተጠቀለለ። ይኸው ሁለት ዓመት፣ ብቻዬን መብላት መሮኛል። አንዲት ቀን ብቻ፣ ቀና ብዬ፣ የመጣውን ሰው ፊት ማየት ነው የምፈልገው።

ጥላዬ፦ ድንኳኑን የጠቀለልኩት እኔ ነበርኩ።

ዘውገ፦ "እንጠይቅዎታለን" ያልከኝም አንተ ነህ። አጥራችን አንድ ነው።

ጥላዬ፦ አፈርኩ፣ ጋሽ ዘውገ። በየቀኑ በደጅዎ ነው የማልፈው። ግን ደንቡ እጄን አሰረኝ። ኮሚቴውስ ምን ይለኛል...

ዘውገ፦ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይሉሃል ይሄ ነው። በል ጠርሙሴን ስጠኝ፣ ልሂድበት።

ጥላዬ፦ ይቆዩ፣ ጉንጭ የማትሞላ ናት የቀረችው። ልጨርሳት።

ዘውገ፦ ጨርሳት። ቢያንስ እሷ ሰው አግኝታ ትለቅ።

ጥላዬ፦ አለቀች። ጋሽ ዘውገ፣ ይቺ አህያ የማን ናት?

ዘውገ፦ የኔ ናታ! ወርጄ፣ ተጎንብሼ የገዛኋት።

ጥላዬ፦ ምን ትጭን ነበር?

ዘውገ፦ ምን ትጭናለች፣ አንድ ጠርሙስ ወይን።

ጥላዬ፦ ስለዚህ የጭነት ከብት ናት። እስቲ ይገልብጧት፤ ጠብታ ወጣ?

ዘውገ፦ ምንም።

ጥላዬ፦ ጆሮዎን ያስጠጉ። ትተነፍሳለች?

ዘውገ፦ ጥላዬ፣ ሰክረሃል።

ጥላዬ፦ እኔ ጤነኛ ነኝ፤ ደንቡ ነው የሚናገረው። ይበሉ ያንን የድንኳን ጫፍ ይያዙልኝ። ጡሩምባ ነፊው አሁኑኑ ይውጣና "የጋሽ ዘውገ አህያ ሞታለች፣ ድረሱላቸው" ብሎ ሰፈሩን ይዙር።

ዘውገ፦ የምርህን ነው? ሰዉስ ይመጣል?

ጥላዬ፦ የቀረ አባል ይቀጣል፤ ማን ይቀራል? እርስዎ ብቻ ንፍሮው ላይ ስንዴ ያብዙበት።

ዘውገ፦ እንባዬን አመጣኸው፣ እግዜር ይስጥህ። ግን... አንድ ቀን ብቻ?

ጥላዬ፦ ደንብ ደንብ ነው፤ ለአንድ አህያ አንድ ቀን። ታችኛው መደርደሪያ ላይ ስንት ቀርተዋል ነበር ያሉኝ?