ለየሺ ያልሆንኩላት ምስክር

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል አንድ ነገር ይለን ነበር፤ «ልጆቼ፣ ለእውነትም ቢሆን አትማሉ» ይለን ነበር። በእኛ ጊዜ ታዲያ አባት ያለው ይያዛል፣ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። እናንተ አሁን ለትንሹም ለትልቁም «ማርያምን» ትላላችሁ፤ እኔ ግን ይኸው ሰባ ሊሞላኝ ነው፣ ምዬ አላውቅም። ገበያ ላይ «እስቲ ማልልኝ» ያለኝ ሰው ቢኖር ዕቃውን ትቼለት እሄዳለሁ። ሰዉም «እሱ ካለ አለ ነው» ይለኛል። በዚህ ትንሽ ኩራትም ነበረብኝ፣ ምን ልደብቃችሁ።

እና የሺን እናንተ አታውቋትም። የጎረቤቴ የደምሴ ሚስት ናት። ደምሴ ሊያገባት ሲል ሽማግሌ ሆነን መዘዞ ድረስ የሄድነው ሦስት ነን፤ ሁለቱ አርፈዋል፣ የቀረሁት እኔ ነኝ። አባቷ፣ እሱም አሁን የለም፣ በዚያ ብርድ ደጅ አቁሞ አቁሞን «ልጄን ምን ሊያደርጋት ነው?» አለን። «ሚስት» አልነው፤ እኔ ነኝ ያልኩት፣ በዚህ አፌ። ሰጠን። ታዲያ ፊርማ የለ፣ ወረቀት የለ፣ ቃል ነው። አሥራ አራት ዓመት አብረው ኖሩ፤ ልጅ አልሰጣቸውም እንጂ ቤታቸው የፍቅር ነበር።

ደምሴ ታመመና ሞተ። አርባው እንደወጣ ታናሽ ወንድሙ መጣና ምን አላት መሰላችሁ? «አንቺ ሠራተኛ ነሽ፣ ወንድሜ የቀጠረሽ። ልብስሽን ይዘሽ ውጪ።» ሠራተኛ! ስታርመው የኖረችውን መሬት፣ በእጇ የለቀለቀችውን ቤት! የመሬቱ ደብተር በደምሴ ስም ብቻ ነው። ጎረቤቱ ደግሞ ሁሉም የነሱ ዘመድ ነው፣ ዝም አለ። እሷም ከሰሰች፤ ከሰሰችና ወደ እኔ መጣች።

«ጋሼ፣ ከእርስዎ በቀር ማን አለኝ?»

«ምን ችግር አለው የኔ ልጅ፣ ያየሁትን እናገራለሁ» አልኳት። ሳምንቱን ሙሉ ጸለይኩላት።

ቀኑ ደረሰና ችሎት ገባሁ። ጸሐፊው መጽሐፉን አቀረበልኝ፤ «እጅዎን ያንሱና እኔ የምለውን ይበሉ።»

«አልምልም» አልኩ።

ዳኛው ቀና አለ፣ ልጅ እግር ነው፤ «ምን አሉ አባት?»

«የማውቀውን አንድ ሳላስቀር እናገራለሁ፣ መማል ግን አልምልም። ይኸ ያቀረባችሁልኝ መጽሐፍ ራሱ አይፈቅድልኝም።»

ከኋላ ሰው ሳቀ። የወንድምየው ጠበቃ ብድግ አለና፣ ድምፁ ቀጭን ነው፣ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ምስክሩ መማል የፈሩት ሐሰት መሆኑን ስለሚያውቁ ነው!» አይልም መሰላችሁ? እኔን! ሐሰት! ዳኛውም ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገና «ካልማሉ ልሰማዎት አልችልም። ይምላሉ ወይስ አይምሉም?» አለኝ።

ታዲያ ዞር ብዬ የሺን አየኋት። ጥቁሯን እንደለበሰች አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ «እባክዎ» ነው የምትለው። እና እኔ ምን አደረግሁ? አባቴ ፊቴ የቆመ መሰለኝና «አልምልም» አልኩ። «ይውጡ» አለኝ። ወጣሁ። በቃ፣ ወጣሁ።

ውጭ ተከትላኝ መጣች። «ጋሼ፣ ሚስቱ እንደነበርኩ ያውቃሉ አይደል?»

«እንዴት አላውቅም የኔ ልጅ!»

«እኔማ አውቀዋለሁ ጋሼ። ለእኔ ቢነግሩኝ ምን ያደርግልኛል?»

አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ተፈረደባት፣ ከቤቷም ወጣች።

እኔ ግን ስሙኝ፣ ማፈር ነበረብኝ፣ አላፈርኩም። እግዜርን መረጥኩ እያልኩ ቆየሁ። ደጀ ሰላም ስሳለም እንኳ ደረቴን ነፍቼ ነበር።

ዘንድሮ ዓይኔን ልታይ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። ታይቼ ስመለስ አንድ ግቢ በር ላይ አንዲት ሴት ምንጣፍ ታራግፋለች፤ ብጠጋ የሺ ናት። «ጋሼ!» ብላ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«የሰው ቤት ነው ጋሼ፣ ተቀጥሬ።» ፈገግ አለችና «ሠራተኛ ነሽ ያለኝ ሰውዬ ይኸው ተሳካለት» አለችኝ። ከውስጥ «አንቺ! የት ቀረሽ?» የሚል ድምፅ መጣ፣ ምንጣፉን ይዛ ሮጠች። እኔ በቆምኩበት ቀረሁ።

እንዲያው እግሬ ወሰደኝና ወደ ቤቴ የሚመልሰኝ የአንኮበሩ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ሬዲዮው ስለ ሴቶች መብት ያወራል፣ ሰው እየደወለ ይከራከራል። ሾፌሩም «አሁንማ መብቱን ሁሉ እነሱ ወሰዱት፣ እኛ የት እንግባ?» ይላል፤ አንዷ «አንተ መሪህን ያዝ!» ትለዋለች፣ ሰዉ ይስቃል። እኔ አልቻልኩም፣ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት፣ አላውቃት አታውቀኝ፣ «ምን ሆኑ አባቴ?» አለችኝ። እና ሁሉን ነገርኳት፤ መሐላውን፣ ዳኛውን፣ የሺን። ለካ ሕግ የተማረች ጠበቃ ናት። ከዚያ ያለችኝን አንዲት ቃል ሳልጨምር ይኸው፤

«አባቴ፣ ሕጉ እኮ የግድ ይማሉ አይልም። መማል የማይፈልግ ሰው እውነቱን እንደሚናገር ቃሉን ያረጋግጣል፣ ልክ እንደ መሐላ ይቆጠርለታል። ያን ቀን እዚያ ክፍል ውስጥ ይህን የነገረዎት አንድም ሰው አልነበረም?»