ያላሸሁት እግር

በእኛ ጊዜ ራጅ ማለት ጣት ነበር፤ እና ልኩራራ ብዬ አይደለም፣ እዚህ ኮልፌ የስንቱን የወለቀ ትከሻ መልሻለሁ። የአየር ጤና ሹፌር በለው፣ ኳስ ተጫዋች በለው፣ «አባባ ደምሴ ጋ ውሰዱኝ» ነው የሚለው። ይኼን እጅ ታዩታላችሁ? ተንቀጥቅጦ አያውቅም።

ታዲያ አንድ ቀን ጎረቤቴ ዘይነባ፣ ጨርቅ የምትነግደዋ፣ ልጇን ሐያትን አዝላ መጣች። ያኔ ስድስት ዓመቷ ነው። «አባባ፣ ወድቃ ነው መሰለኝ አብጧል፣ በቅቤ ያሹልኝ» አለችኝ። እና ዳሰስኩት፤ ከጉልበቷ ከፍ ብሎ አጥንቱ ራሱ አብጧል፣ ይፋጃል፣ ድንጋይ ነው። ልጅቷን «ወድቀሽ ነው እማዬ?» አልኳት። «አልወደቅኩም። ዝም ብሎ ነው የሚያመኝ።»

እጄን አነሳሁ። «አላሽም፤ ሐኪም ቤት ውሰጃት።» ዘይነባ ተቆጣች፤ እናት ናት፣ ምን ታድርግ። «ወላሂ አባባ፣ አርጅተዋል! ሳንሱሲ ሌላ ወጌሻ አለ አሉ፣ እሱ ጋ እወስዳታለሁ።» ታዲያ እሱ ካሻት አለቀላት ብዬ ፈራሁ፤ ፈራሁ ነው የምላችሁ፤ እና ኮቴን ደርቤ፣ ለምኜ አሳምኛት፣ ሐኪም ቤት ልናደርሳት አብሬ ታክሲ ገባሁ፣ ሐኪሙ ፊት እስኪቀርቡ አልለቀቅኳቸውም።

ከስንት ምርመራ በኋላ ዶክተሩ፣ ገና ልጅ ነው፣ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ «ማነው ያሻት?» አለ። «ማንም፤ ወጌሻው እኔ ነኝ።» «ታዲያ ለምን አላሿትም?» «አጥንት ስለማውቅ» አልኩት። ራጁን ወደ መብራቱ አነሳ። ከዚያ «የአጥንት ካንሰር ነው፤ በዚህ ዕድሜ እምብዛም አይታይም፣ ሲመጣ ግን ይቸኩላል። ደግነቱ ገና አልተሰራጨም፤ ቢታሽ ሊብስ ይችል ነበር» አለን።

ከዚያማ መድኃኒቱ ጸጉሯን ጨረሰው፤ እግሯንም ማትረፍ አልተቻለም፣ ተቆረጠ። አልቅሻለሁ፣ አልደብቃችሁም። እሷ ግን ተርፋ፣ በሰው ሠራሽ እግሯ እየተራመደች አራተኛ ክፍል ገብታ፣ ይቻት አጠገባችሁ ተቀምጣለች። ስንቱን አሽቼ እንዳዳንኩ ረስቻለሁ፤ የምኮራው ባላሸሁት እግር ነው።

(ይኼኔ፣ እኛ የሚነግሩንን እየጻፍን ሳለ፣ ሐያት አቋረጠቻቸው።)

«አባባ፣ አንድ ነገር ዘለሉ። ኦፕራሲዮን ልገባ ስል እጄን ይዘውኝ ነበር። እጅዎ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

አባባ ደምሴ ሳቁ፣ ሳቁ፣ እና ወደ እኛ ዞረው «እሱን አትጻፉት» አሉ።