ሻምበል ባንችይርጋና የመዘኑት ሻለቃ ጦር

ወገኖች፣ ሐዘናችሁን ታግሣችሁ ስለ ሻምበል ባንችይርጋ ምናለ ጥቂት እንድናወሳ ፍቀዱልን። ከአባታቸው ከቄስ ምናለ ወልደ ሰንበትና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሰለች ደሳለ ሙጃ አጠገብ በ1968 ዓ.ም. ተወልደው፣ ፊደል ከአባታቸው ቆጥረው፣ ዘመናዊ ትምህርታቸውን በሙጃና በላሊበላ ፈጽመው በ1990 ዓ.ም. ወታደር ቤት ገቡ።

በመኮንንነት ከተመረቁ በኋላ የተመደቡት የጦር ክፍሎችን ብቃት በሚመዝን ቡድን ውስጥ ሲሆን፣ ወታደሩ ከተጠራበት ደቂቃ ጀምሮ ትጥቁን አሟልቶ እስኪሰለፍ፣ ተሰልፎም የታዘዘውን መንገድ እስኪጨርስ የሚፈጀውን ጊዜ እየለኩ ከሰፈር ሰፈር ሲዞሩ ሃያ ዓመት አለፈ። በዚህ መካከል ከአስጎብኚው ከአቶ ምሥጋናው በእውቀቱ ጋር በተክሊል ተጋብተው ሰርካለምንና ደሳለን ወለዱ፤ ልጆቹን ያሳደጉት ግን፣ እርሳቸውም እንደሚያምኑት፣ አቶ ምሥጋናው ናቸው።

ከመዘኗቸው ሁሉ አንድ ሻለቃ ጦር አራት ጊዜ በተከታታይ መጨረሻ ወጣ። አለቆቹ ወታደሩን በስንፍና ሲከሱት፣ ሻምበል ቀኑን ሙሉ አብረውት ተጉዘው ማታ ጫማ አስወለቁ። ጫማው ቁጥር ሳይመረጥ የታደለ ስለነበር ከፊሉ ጣቱ ቆስሏል፣ ከፊሉ ጨርቅ ጠቅጥቋል። በዘጠኝ ቀን የአምስት መቶ ሰው እግር በሲባጎ ለክተው፣ አዲስ ጫማ ስላልተገኘ ያለውን አለዋወጧቸው። በቀጣዩ ምዘና ያ ሻለቃ አንደኛ ሆነ።

ጦርነት ሲመጣ አንደኛ የወጣው ቀድሞ ዘመተ፤ የተመለሰው ጥቂት ነው። ሻምበል ጡረታ ጠይቀው ላሊበላ ገቡ። ባለቤታቸው ጥፋቱ የእርሳቸው እንዳልሆነ ደጋግመው ቢነግሯቸው፣ «ጫማውን ብተወው እግራቸው ይቆስላል፤ ባስተካክለው ቀድመው ሄዱ። የቱን ማድረግ ነበረብኝ?» አሉ።

በ2016 ዓ.ም. ለገና የመጡ ወይዘሮ ይማርሽ የተባሉ እናት ቤታቸውን አፈላልገው፣ ከዚያ ሻለቃ የነበረው ልጃቸው ሳይሞት በፊት በስልክ የሻምበልን ስም ጠርቶ «እግሬ ዳነ» እንዳላቸው ነገሯቸው። ሻምበል የእንግዳዪቱን እግር አጥበው አሳደሯቸው።

ከዚያ ወዲህ የኩላሊት ሕመም ጸንቶባቸው፣ ሐኪምም ጸበልም ሲሞክሩ ቆይተው፣ በተወለዱ በአርባ ዘጠኝ ዓመታቸው መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ከልጃቸው በፊት መሄድን ሲለምኑ የኖሩትን የሰማንያ ስድስት ዓመት እናታቸውን ትተዋል። ብዙ ለደከመች ነፍሳቸው እግዚአብሔር ዕረፍትን፣ ለእናታቸውም የሚችሉበትን ጉልበት ይስጥልን። አሜን።