ዋስ የቆመለት ኮምፒዩተር

በ1980 ዓ.ም. ግንቦት ሲገባ፣ አቶ ታፈረ ወደ አርብ ገበያ ከተማ ሲሄዱ መንገድ ላይ ክንዴን አገኙት። ክንዴ የእርዳታ ድርጅቱ ጸሐፊ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ተልኮ ስለ ኮምፒዩተር ተምሮ መመለሱ ነው። አቶ ታፈረ ደግሞ የስማዳ ገበሬዎች መርጠው በድርጅቱ የዘር ኮሚቴ ያስገቧቸው ሽማግሌ ናቸው። ያን ቀን ኮሚቴው ኮምፒዩተር ሊገዛ ቀጠሮ ስለነበረው አብረው ተጓዙ።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ባለፈው ዓመት የእርዳታ ዘር ተቀባዮች ስም በእጅ ሲደረደርና ሁለቴ የተጻፈው ሲለቀም፣ ዘሩ የስማዳ ከተማ ወገዳ የደረሰው የመዝሪያው ወቅት ካለፈ በኋላ ነበር። የአቶ ታፈረ እኅት የካሣነሽ መሬት ጦም አደረ፤ እሷም ልጆቿን እስካሁን ዘመድ ዘንድ እንደበተነች ናት። 

ክንዴ ከመግዛታችን በፊት ዕቃውን እፈትነዋለሁ ሲል አቶ ታፈረ ቆም አሉ። ሻጩ የአዲስ አበባ ሰው ነው፤ ዋስ የጠራው ግን የአርብ ገበያውን ጨርቅ ነጋዴ ዳውድን ነው። በአገሩ ልማድ ዋስ ከቆመ ወዲያ ተመልሶ የከብቱን ጥርስ ማየት ዋሱን መናቅ ነው።

«ዳውድን በአደባባይ ልታሳፍረው ነው? ደግሞስ ዕቃውን አላየኸውም? ሁለት ሰው ነው የተሸከመው። ይህን የሚያህል ገላ ይዞ ምን ይሳነዋል?»

«አያ ታፈረ፣ ዋስ የሚቆመው ከብቱ የሌባ እንዳይሆን ነው። በሬው ማረሱን ግን ጠምደው ያዩታል እንጂ ዋሱን አይጠይቁም። ገላውም አያታልልዎ። የዚህ ዕቃ ሆዱ ሁለት ነው፤ አንዱ እንደ ጎተራ ያስቀምጣል። ሌላው ሜሞሪ ይባላል፤ እሱ ዐውድማው ነው፤ ሥራውን እዚያ ዘርግቶ ነው የሚሠራ። ጎተራው ቢሰፋ ዐውድማው ከጠበበ እህሉ የት ይወቃል?»

«ፍጥነቱስ?»

«እሱ በሬው ነው። በሬ ቢፈጥን መርገጫ ካጣ ምን ይሆናል?»

ሽማግሌው ግን አልተረቱም። ልጁ ነገር ያውቃል፣ ይሉኝታ ግን አልፈጠረበትም አሉ በልባቸው። እውነትም ትምህርት አንዳንዴ ይሉኝታን ደጅ ትቶ ይገባል።

ሻጩ፣ ዳውድና የቀረው ኮሚቴ ከሚጠብቁበት የድርጅቱ ቢሮ ደርሰው ጄኔሬተሩ ሲነሣ፣ ሻጩ ጥቂት ስሞች ጽፎ በፊደል ተራ ደረደረ። ዓይን እስኪከደን አልቆየም። አቶ ታፈረ እንፈርም አሉ። ክንዴ ግን ሻጩን አስፈቅዶ፣ ለልምምድ ብሎ አዲስ አበባ ሳለ የጻፈውን የስማዳን ተቀባዮች ስም በሙሉ ከዲስክ ጭኖ እንዲደረድር አዘዘው። ማሽኑ አጉረመረመ። ሻይ መጥቶ ተጠጣ፤ ማሽኑ ገና ያጉረመርማል። በመጨረሻ መስታወቱ ላይ ጽሑፍ አወጣና ቀጥ አለ። ሜሞሪው ሞልቷል ይላል አለ ክንዴ።

አቶ ታፈረ ማሽኑን ትተው ዳውድን አዩ፤ ስለ እሱ አፍረው ነበር። ዳውድ ግን ሳቅ አለ።

«ምን ያሳፍረኛል አያ ታፈረ? እኔ ዋስ የሆንሁ ዕቃው የሌባ አይደለም ብዬ ነው። ሆዱን መች አየሁት? ከሱቄም ጨርቅ ሲገዛ ፀሐይ ላይ አውጥቶ ያየ ሰው ተመልሶ አይጣላኝም።»

ያን ጊዜ ሽማግሌው ተረቱ። ሻጩም ሳይቆጣ፣ ለትንሽ ሥራ እንጂ ለዚህ እንደማይበቃ አምኖ ሜሞሪ ሊጨምርበት ወሰደው። መልሶ ሲያመጣው ፈተና የጠየቁት አቶ ታፈረ ራሳቸው ናቸው፤ የስማዳ ስም ብቻ አይበቃም፣ የጎረቤቶቻችን የጋይንትም የእስቴም ይጫንበት አሉ። ማሽኑ ጥቂት ቆይቶ ስሙን ሁሉ አሰለፈ፤ ሁለቴ የተጻፈውንም ለየ። ኮሚቴው የፈረመው ከዚህ በኋላ ነው።

አቶ ታፈረ አገራቸው ገብተው ለጠየቃቸው ሁሉ፣ ዕቃ የሚፈተነው ሻጭ በመረጠው ሥራ ሳይሆን ገዢ በሚያሠራው ሥራ ነው ይሉ ጀመር። መፈተን ንቀት አይደለም፤ ገዢን ከጸጸት፣ ሻጭን ከክስ፣ ዋስንም ከሐሜት ያድናል።

ዘሩ ከዝናቡ ቀድሞ ወገዳ ገባ። ካሣነሽ በሰኔ ዘራች፤ ኅዳር ላይ ልጆቿን ልታመጣ ሄደች።